መቃብራችንን ለኤሊየን ያስረከብን ትውልድ እንዳንሆን

ዛሬ ስለ ሥልጣንም ስለ ምርጫም አልጽፍም። ስለ ድንጋይ ነው የምጽፈው። "ደግሞ ድንጋይ ምን ይወራል?" እንዳትሉ። እስከ መጨረሻው አንብቡና እናንተው ፍረዱ።

በኑዛዜ ልጀምር።

ከተወሰነ ጊዜ በፊት አንድ አጭር ቪዲዮ ስልኬ ላይ መጣ። የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ከላይ በድሮን የተቀረጸ የአክሱም ሐውልት፣ ከዛ ወፍራም ድምፅ፦ "ይህን በእውነት ሰው ሊሠራው ይችላል?" ቀጥሎ የቲያ ትክል ድንጋዮች፣ ቀጥሎ ላሊበላ፣ መጨረሻ ላይ ትልቅ ጭንቅላትና ጥቁር ዓይን ያለው የሌላ ፕላኔት ፍጡር። እኔም አላሰብኩም። "ሀገሬ ሚስጥር ናት!" ብዬ ባንዲራ ጨምሬበት ሼር አደረግኩት። ላይኩ ዘነበ። ደስ አለኝ።

ማታ አጎቴ ደወለ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ፌስቡክ ላይ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳይጨርስ፣ "አንተ ልጅ፣ አባትህ በላቡ የሠራውን ቤት 'ጅብ ነው የሠራው' ቢሉህ ላይክ ታደርጋለህ?" አለኝ። ምን ልመልስለት? ዝም አልኩ። "ታዲያ ያንን ድንጋይ ያቆሙትን ሰዎች አባረህ ለማን ነው የሰጠኸው?" ብሎ ዘጋው።

ይኸው ከዛ ቀን ጀምሮ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ዛሬ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

እስቲ አንድ ነገር እናድርግ። ነገ ጠዋት ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ውጡ። አለም ገናን አልፋችሁ፣ አዋሽን ተሻግራችሁ፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ሶዶ ውስጥ ቲያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አጥር ያለው ሜዳ ታገኛላችሁ። 36 ትክል ድንጋዮች እዚያ ቆመዋል፤ 32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ሶዶ አካባቢ ብቻ እንዲህ ያሉ ወደ 160 የሚጠጉ ቦታዎች ተገኝተዋል፤ ቲያ ከሁሉም ዋነኛዋ ናት። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ማለትም አብዛኞቻችሁ ከመወለዳችሁ በፊት።

ቅረቡና እዩአቸው። ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ፣ ጫፋቸው ወደ ላይም ወደ ታችም። ክብ ምልክት አለ። የእንግሊዝኛውን ደብልዩ የሚመስል ምልክት አለ። ከግርጌ ደግሞ ቅርንጫፍ ያለው ተክል የሚመስል ነገር አለ። ሰይፉ የተቀበረው ሰው በጦርነት የጣላቸውን ጠላቶች ቁጥር ይናገራል የሚሉ አሉ። ደብልዩ የመሰለው የሴት ጡት ነው የሚሉ አሉ። ተክሉ እንሰት ነው የሚልም አለ፤ አይ፣ የእንጨት ትራስ ነው የሚልም አለ። ሁሉም ግምት ነው፤ ምልክቱን አንብቦ የጨረሰ ሰው የለም።

ቪዲዮ ሠሪዎቹ እዚህ ጋ ያቆማሉ። "ሚስጥር! ማንም አያውቅም!" ይላሉ። ውሸቱ የሚጀምረው ታዲያ እዚህ ጋ ነው።

ምክንያቱም ከድንጋዮቹ ሥር ያለው ነገር ይታወቃል። ተቆፍሯል። ሮዤ ዡሶም የተባሉ ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ከቡድናቸው ጋር ሲቆፍሩ ያገኙት የጠፈር መርከብ አይደለም፤ የሰው አጽም ነው። ቲያ መቃብር ናት። ሰዎቹ የተቀበሩት እንደተዘረጉ አይደለም፤ በእናት ማህፀን እንዳለ ፅንስ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ተኮራምተው ነው። ጊዜውም ከዛሬ 700 እና 900 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ቦታው ላይ የሚያስጎበኙት ወንድሞቻችን ደግሞ ሁሌም አንድ ነገር ይነግሯችኋል፦ እዚያ ያረፉት አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው።

ከ18 እስከ 30። የእናንተ ዕድሜ እኮ ነው! ይህን ገጽ የምትከታተሉት ልጆች ዕድሜ።

እስቲ አስቡት። አንድ እናት ነበረች። ልጇ ሞተባት። ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ ተሰበሰቡ። ድንጋይ ቆርጠው፣ ተሸክመው ወይም ጎትተው አመጡ። አንዱ መሮ ይዞ ቀን ከሌት ቀረጸ። ከዛ ሁሉም በአንድ ላይ "ሃ!" ብለው አቆሙት። ለምን? እንዳይረሳ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፊደል ይኑራቸው አይኑራቸው ሌላ ነገር ነው፤ የሚያውቁትን ቋንቋ በድንጋይ ላይ ትተውልናል። እኛ ደግሞ ከ700 ዓመት በኋላ መጥተን "ይሄ የሰው ሥራ አይመስለኝም" ብለን በስልክ ጣታችን አንድ ጊዜ ነክተን እናልፋለን። ያንን እናት ሁለተኛ ልጅ አሳጣናት ማለት ነው።

ከኤሊየኑ በፊት ሌላ ታሪክ ነበር። አካባቢው ላይ እነዚህን ድንጋዮች "የግራኝ ድንጋይ" ይሏቸዋል። ግራኝ አሕመድ ነው ያቆማቸው ይባላል። የአባቶችን አፈ ታሪክ አልንቅም፤ ትልቅ ነገር ሲያዩ ከሚያውቁት ትልቅ ስም ጋር ማገናኘት የሰው ልጅ ጠባይ ነው። ግን ሂሳቡን አስሉት። ኢማም አሕመድ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። የቲያ መቃብሮች ከእሳቸው በፊት ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት፣ ከዛም በላይ ይቀድማሉ። እሳቸው በዚያ ቢያልፉ እንኳን ድንጋዮቹ ያኔም ጥንታዊ ነበሩ ማለት ነው። እናም ይሄኛውም ትረካ ሳያስበው ያው ነው የሚያደርገው፦ የብዙ ሰዎችን ሥራ ለአንድ ታዋቂ ስም ይሰጣል።

ወደ አክሱም እንሂድ፤ "ሰው ሊሠራው አይችልም" የሚለው ወሬ ከሁሉ በላይ የሚነገረው እዚያ ስለሆነ። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ ይገመታል። ከአንድ ድንጋይ! ልክ ነው፣ ያስደነግጣል። ግን ከከተማዋ ወደ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ በሉና ጎቦ ድራ ወደሚባለው ኮረብታ ሂዱ። ድንጋዩ የተፈለጠበት ቦታ ነው። አለቱ ላይ በመደዳ የተቆፈሩ የሽብልቅ ቀዳዳዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ተጀምሮ ያልተጠናቀቀ ሥራም እዚያው አለ። ከሌላ ፕላኔት የመጣ፣ ሰማይን አቋርጦ የደረሰ ፍጡር ሽብልቅና መዶሻ ምን ያደርግለታል?

ሌላም ልንገራችሁ። ያ 33 ሜትሩ ሐውልት ወድቋል፤ ተሰባብሮ ነው ያለው። ብዙ አጥኚዎች ገና ሲያቆሙት ነው የወደቀው ይላሉ፤ ከቁመቱ አንጻር ወደ መሬት የገባው ክፍል በጣም ትንሽ ነው። እኔ ከአክሱም ሁሉ የምወደው ይህንን የወደቀውን ነው። ለምን መሰላችሁ? የሰው ማኅተም ነው። ከዚያ በፊት ያቆሙት ቆሞላቸዋል፤ "አሁን ደግሞ ከዚህ የበለጠ" ብለው ተነሱ፤ ሞከሩ፤ ተሳሳቱ። ድፍረቱም ስህተቱም የሰው ነው። ሥሩ ያሉት ክፍሎችና ዋሻዎችም ያው መልሱን ይሰጣሉ፤ መቃብር ናቸው። የነገሥታትና የመኳንንት መቃብር።

"እሺ፣ ቢሳሳቱስ? ለመዝናናት ነው እኮ፤ ምን ይጎዳል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ከሌላ አፍሪካዊ ሀገር አንድ ታሪክ ስሙ።

በደቡብ አፍሪካ ክፍለ አህጉር ታላቋ ዚምባብዌ የምትባል ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተገነባች ጥንታዊ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1871 ካርል ማውክ የተባለ ጀርመናዊ ደረሰባት። አካባቢው የሚኖሩትን ጥቁር ሕዝቦች አየ፣ ግንቡን አየ፤ ሁለቱን ማገናኘት አቃተው። እና ምን አለ? "ይሄ የንግሥተ ሳባ ነው" አለ። አዎ፣ በእኛ ንግሥት ስም የሌላውን አፍሪካዊ ሥራ ቀሙት! ከዚያ በኋላ ሌሎች ፊንቄዎች ናቸው፣ ዐረቦች ናቸው አሉ፤ ማንም ይሁን፣ ብቻ ጥቁር አይሁን። እ.ኤ.አ. በ1929 ጌርትሩድ ኬተን ቶምሰን የተባለች እንግሊዛዊት አርኪዮሎጂስት ቆፍራ የአፍሪካውያን ሥራ መሆኑን አረጋገጠች። ግን የሮዴሽያ የነጮች መንግሥት እውነቱን መስማት አልፈለገም፤ ምክንያቱም "እናንተ ምንም ሠርታችሁ አታውቁም" የሚለው ወሬ መሬታቸውን ለመንጠቅ ይጠቅመው ነበር። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1980 ነጻ ሲወጣ የሀገሩን ስም ምን አለው? ዚምባብዌ። በዚያ ግንብ ስም።

ያ ሕዝብ "ይህን የሠራነው እኛ ነን" የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስከበር መቶ ዓመት ታግሏል። እኛ ያንን ዓረፍተ ነገር ይዘን ተወልደን፣ ለሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ብለን እንሸጠዋለን።

ላሊበላም ቢሆን አላመለጠም። ግራሃም ሃንኮክ የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ከአውሮፓ የመጡ የቴምፕላር ወታደሮችን እጅ እዚያ ውስጥ ለማየት ሞክሯል። አያችሁ? አንዴ ቴምፕላር፣ አንዴ ኤሊየን። ስሙ ይቀያየራል፤ ጨዋታው አንድ ነው። ማንም ይሁን፣ ብቻ የሀገሩ ሰው አይሁን።

"ታዲያ እንዴት አቆሙት? ለምን አቆሙት?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ከፈለጋችሁ ወደ ሰማይ አትመልከቱ። ወደ ኮንሶ ተመልከቱ። ኮንሶ ውስጥ አንድ ትውልድ ኃላፊነቱን ለሚቀጥለው ሲያስረክብ ድንጋይ ይተከላል፤ "ዳጋ ሄላ" ይባላል። ድንጋዩ ተመርጦ ይፈለጣል፣ በሰው ጉልበትና በሥርዓት ይጓጓዛል፣ ይቆማል። በመንደሩ አደባባይ የቆሙትን ድንጋዮች እየቆጠርክ ስንት ትውልድ እንዳለፈ ማወቅ ትችላለህ። ለጀግና ሲሞት ደግሞ "ዋካ" የሚባል የእንጨት ምስል ይቀረጽለታል፤ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ሳይቀሩ አብረው ይቆማሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ኮንሶን ሲመዘግብ በዓለም ላይ ከቀሩት የመጨረሻዎቹ ድንጋይ አቋሚ ሕዝቦች አንዱ መሆናቸውን ጠቅሷል።

ኮንሶና ቲያ አንድ ናቸው አላልኩም፤ ማስረጃ የለኝም። ግን ሰው ለምን ድንጋይ እንደሚያቆም የሚነግራችሁ ሕያው ሰው፣ በአውቶቡስ ሄዳችሁ የምታገኙት ሰው፣ ይኸው በሀገራችሁ ውስጥ አለ። ስንቶቻችን ሄደን ጠይቀናል?

ጌዴኦም አለ። ቱቶ ፈላ፣ ጨልባ ቱቲቲ፤ ኮረብታው ላይ በእንሰትና በቡናው መሀል በመቶዎች የቆሙ ድንጋዮች። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ አሸናፊ ዜና የተባሉ ኢትዮጵያዊ አርኪዮሎጂስት የመሩት ጥናት፣ ሳካሮ ሶዶ የተባለው ቦታ ላይ ያሉት ድንጋዮች ወደ 2000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ቀድሞ ከሚታሰበው በሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማሉ። አክሱም ገና ቀና በምትልበት ዘመን እዚያም ሰዎች ለመታሰቢያ ድንጋይ ያቆሙ ነበር ማለት ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስንት ሰው አወራለት? ያንን ሳምንት ፌስቡካችን በምን ተይዞ እንደነበር እናንተው አስታውሱ።

መንዝና አካባቢው ላይም አለ። ሻይ በሚባለው ወንዝ ስም አጥኚዎች "የሻይ ባህል" ያሉት፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ትልልቅ የድንጋይ መቃብሮችን የሠራ ሕዝብ። የላስታ ሰዎች ላሊበላን ከአለት ሲፈለፍሉ፣ መንዝ ላይ ሌሎች መቃብር ይክቡ ነበር፤ ሶዶ ላይ ሌሎች ሰይፍ ይቀርጹ ነበር። በአንድ ዘመን! በአንድ ምድር!

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፤ ይሄ የሚቆረቁር ነው፣ ለእኔም ለእናንተም።

እኛ "የ3000 ዓመት ታሪክ አለን" ማለት እንወዳለን። በሰልፍም፣ በፖስትም፣ በቲሸርትም። ግን ታሪክ ስንል ገድል የተጻፈለትን፣ ዜና መዋዕል ያለውን፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠውን ብቻ ነው የምንቆጥረው። የቲያን ሰዎች ንጉሥ ስም አናውቅም፤ ስለዚህ ማንም ያላያቸው ያህል አለፍናቸው። የአክሱም ሐውልት ፋሺስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ስትወስደው አባቶቻችን ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል ሊመለስ ቃል ተገብቶ ሳይመለስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያልፍ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም ፊርማ አሰባስቦ፣ ጽፎ፣ ጮኾ በ1997 ዓ.ም. ወደ ሀገሩ አስመለሰው፤ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። ይሄ ኩራታችን ነው። ግን ማንም ያልሰረቀውን፣ እዚሁ ደጃችን ያለውን ድንጋይ ማን ይጩህለት?

ደግሞ ሌላ ስርቆት አለ፤ የራሳችን። ስለ ቲያ አንድ ፖስት ይለጠፍና ኮሜንቱን እዩት። "የእኛ ብሔር ነው የሠራው!" "አይ፣ የእናንተ ሳትመጡ የእኛ ነበር!" ስድብ በስድብ። መቃብር ላይ ቆሞ እንደ መሬት ካርታ መጨቃጨቅ! የዛሬ 800 ዓመት የሞተ ልጅ የዛሬን የቀበሌ መታወቂያ አይዝም። ማን እንደነበሩ ቁፋሮው፣ አጽሙ፣ የአካባቢው ሽማግሌ ትውስታ ቀስ በቀስ ይንገረን። እስከዚያ የሚታወቀውን እንናገር፦ በዚህ ምድር የኖሩ፣ የሠሩ፣ ያለቀሱ ሰዎች ናቸው። ለሀገር ወዳድ ይሄ አይበቃም እንዴ? ለእኔ ይበቃኛል። ሀገሩን የሚወድ ሰው ማስረጃ አይፈራም፤ ማስረጃ የሚፈራው ወሬ የሚወድ ነው።

"ሚስጥር" የሚለው ቃል ክብር ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የስንፍና ሽፋን ነው። "ሚስጥር ነው" ካልን መጠየቅ እናቆማለን፤ መጠየቅ ካቆምን መጠበቅ እናቆማለን። ከዚያ አንዱ የተጋደመውን ትክል ድንጋይ አንስቶ ለአጥሩ ማዕዘን ያደርገዋል፤ ሌላው ልጅ ይወጣበታል፤ ሌላው ስሙን ይጭርበታል። ሁሉም ስለማያውቅ ነው። "የአያትህ መቃብር ነው" ተብሎ ያደገ ልጅ አይጭርበትም።

ስለዚህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን፣ የሚሠራ ነገር ላስቀምጥ፦

አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲመጣላችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ይሄ ቪዲዮ የሠሩትን ሰዎች ያከብራል ወይስ ያጠፋል?" ካጠፋ እለፉት፤ ወይም ኮሜንት ላይ እውነቱን በጨዋ ቋንቋ ጻፉ። ስድብ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ሂዱ። ለአንድ ቅዳሜ ማኪያቶና ታክሲ የምታወጡት ገንዘብ ለቲያ ደርሶ መልስ ብዙም አይቀረውም። የመግቢያውን ክፈሉ፣ አስጎብኚውን አዳምጡ፣ ፎቶ አንሱ፤ ድንጋዩ ላይ አትደገፉ፣ ምልክቱ እንዲታይ ብላችሁ በጠመኔ አትቀቡት።

ሦስተኛ፣ የገጠር ልጆች ከሆናችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። በየሰፈራችሁ የቆመ ወይም የተጋደመ፣ ሰው የጠረበው ድንጋይ ካለ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ስሙን፣ የሚባልለትን፣ ማን እንደነገራቸው። በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ቦታውን ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። አትቆፍሩ! ወርቅ አለ ብሎ የሚመጣውን ደግሞ አታስቆፍሩ። አጽም ከቦታው አንዴ ከተነሳ የሚናገረውን ሁሉ ይዞ ይጠፋል።

አራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡ፦ ሁላችንም ሶፍትዌርና አካውንቲንግ አንማር። አርኪዮሎጂ የሚባል ትምህርት አለ። የአያቶቻችንን መቃብር አብዛኛውን ጊዜ የቆፈሩልን ፈረንጆች ናቸው፤ ለሠሩት ምስጋና ይገባቸዋል። ግን የቲያን ሰይፎች አንድ ቀን የሚያነባቸው ልጅ ከእናንተ መሀል ቢሆን እንዴት ያለ ነገር ነው!

አጎቴን ባለፈው ሄጄ ጠየቅኩት። ያንን ፖስት ማጥፋቴን ነገርኩት። "ማጥፋት ምን ዋጋ አለው፤ እውነቱን ጻፍበት እንጂ" አለኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ቲያ ላይ ያረፈው ልጅ በእናንተ ዕድሜ ነበር። ወገኖቹ እንዳይረሳ ድንጋይ አቆሙለት። ድንጋዩ የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ ሰባት መቶ ዓመት ቆሟል። የቀረው የእኛ ነው።

ከተስማማችሁ ለጓደኞቻችሁ አድርሱት። ካልተስማማችሁም ኮሜንት ላይ በማስረጃ ሞግቱኝ። ወደ ቲያ ሄዳችሁ የምታውቁ ያያችሁትን ጻፉልን፤ በሰፈራችሁ ያለውን ድንጋይ ስም ደግሞ አሁኑኑ ከታች አስቀምጡት። ከዚህ ገጽ ብቻ ስንት ስም እንደምንሰበስብ እንይ።